የሁዳዴ አጥሚት

መምሬ ኪዳኑ በሣልስቱ ቀን፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ የሟቿን የደጊቱን ጾም እያመሰገኑ ነበር። ስለ ሕመሟ ሁዳዴን ፈትተውላት እንደነበር፣ እሷ ግን "ይህችን እንኳ አትውሰዱብኝ" ብላ እንቢ እንዳለቻቸው፣ አንዲት ጠብታ ወተት ሳትቀምስ እንዳለፈች ተናገሩ። ለቀስተኛው ራሱን ነቀነቀ። አንድ ሽማግሌ፣ እሳቸው በጤነኛ አፋቸው ቅቤ በሕልማቸው እንደሚልሱ አንሾካሹከው አጠገባቸው ያሉትን ፈገግ አሰኙ።

የሟቿ ልጅ ማስተዋል አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ ነበር።

ጎረቤታቸው ማናለብሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እንግዲያስ እኔንም ከጾሙ አይፍቱኝ፣ አባ" አለች። እሷም ባሕር ዳር ሄዳ የካንሰር ሕክምናውን፣ ኬሞውን፣ ከጀመረች ሁለት ሳምንቷ ነው።

ማስተዋል ቀና ብላ አየቻት።

እናቷ ከሦስተኛው ኬሞ በኋላ ምላሷና የጉንጮቿ ውስጥ ቆስሎ ምራቋን መዋጥ አቅቷት ነበር። ማስተዋል የሐኪም ቤቱ ነርስ እንዳስተማረቻት ለብ ባለ ውኃ ጨውና ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣ በቀን አራት ጊዜ ታስጉመጠምጣት ነበር፤ በርበሬም ከቤቱ ጠፋ። ተልባው በጉሮሮዋ ቢወርድላትም ክብደቷ በየሳምንቱ ቀነሰ። ነርሷ ወተት አለች፤ እናቷ ጾም አለች። አንድ ማለዳ ማስተዋል ከጥሊሊ ገበያ በገዛችው አጃ አጥሚት ስታፈላ ወተት ጨመረችበት፤ አቀዝቅዛም ሰጠቻት። ሕክምናው ጣዕም የመለየት አቅሟን ወስዶት ነበርና እናቷ ኩባያውን ጨረሰች።

"አጃ እንዲህ ይለሰልሳል?" አለች።

ይህ ሃያ ሦስት ቀን ቀጠለ።

አሁን ማስተዋል ዝም ብትል የእናቷ ስም ሳይነካ ይኖራል፤ ማናለብሽ ግን ትራባለች።

"ወተት ጠጥታለች" አለች ማስተዋል። "በአጥሚቱ የቀላቀልኩት እኔ ነኝ። እሷ አላወቀችም።"

መምሬ ኪዳኑ መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ልጄ፣ ጾሙ የእሷ ነበር" አሉ።

"አውቃለሁ፣ አባ።"

ከሴቶቹ አንዷ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ጥቂት ቆይቶ ማናለብሽ ከአግዳሚው ተነሥታ ማስተዋል አጠገብ ተቀመጠች።

"የአፉ ቁስል ከየት ነው የሚጀምረው?" አለቻት በጆሮዋ።

ማስተዋል ወደ ድንኳኑ በር፣ ወደ ብርሃኑ አዞረቻት። ማናለብሽ አፏን ከፈተች። ማስተዋል አገጯን በጣቶቿ ደግፋ፣ የራሷንም አፍ ሳታውቀው ከፍታ፣ ወደ ውስጥ ተመለከተች።