የስታማታ ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የስታማታን ስም ግን መልአክ አላወጣውም፤ ያወጡት አያቷ ናቸው፣ ያውም ተቆጥተው። ምራታቸው አምስተኛ ሴት ልጅ ስትወልድ አሮጊቷ ሕፃኗን ገለጥ አድርገው አዩና፣ "በቃ! ከዚህ በኋላ ይቁም!" አሉ። ስታማታ ማለትም ይኸው ነው፤ ቁም፣ ይብቃ። በኤፒሮስ ተራሮች ሴት ልጅ የበዛበት ቤት ለመጨረሻዋ ይሰጣት የነበረ ስም ነው። እንደ በር መቀርቀሪያ ከኋላዋ የሚመጡትን እህቶቿን ታግድ ዘንድ ያወጡላታል እንጂ ለእሷ ለራሷ አስበው አይደለም።

መቀርቀሪያው ሠራ። በሦስተኛው ዓመት ወንድ ተወለደ፤ ይኑር ሲሉ ዚሲስ አሉት። እናቱ ኮስታንዶ ግን በዚያው ቀን፣ ጀንበር ሳትጠልቅ፣ ደሟ ፈስሶ ሞተች። መንደሩ ወንዱን ለስሙ ቆጠረለት። የእናቲቱን ሞት ከስሙ ጋር ያያያዘ አንድም ሰው አልነበረም። እንዲያውም ስታማታን እግሯ የቀና ነው ብለው፣ ሙሽራ አዲስ ቤት ስትገባ መድረኩን ቀድማ እንድትረግጥ ይጠሯት ጀመር።

ክብሩ እስከዚያው ድረስ ነው። ከዚያ ውጭ ስሟ የሥራ ፈት መጫወቻ ነበር። ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ አንዱ ከቡና ቤቱ ደጃፍ "ስታማታ!" ብሎ ይጮሃል፤ በመንገዱ የሚያልፍ በቅሎ ትእዛዝ የሰማ መስሎት ቀጥ ይላል። "ወይ ጉድ! ስምሽ በቅሎ ያቆማል፤ ባል ማቆም ብቻ አቃተው!" ይሏታል። ባልማ ከየት ይምጣ? የአባቷ መሬት አራቱን እህቶቿን ለመዳር ተቆርሶ አልቋል፤ በዚያ አገር ደግሞ ባዶ እጇን ያለች ሴት የሚያገባ የለም። ስለዚህ ወንድሟን አሳደገች፤ ሲያድግም በእሱ ምድጃ ዳር ቀረች።

በዚያ መንደር ሙታን የሚነሡት በልጅ ልጅ ነው። አያት ስትሞት የልጅ ልጇ ስሟን ትወስዳለች፤ "አስነሣናት" ይላሉ። በየዓመቱ በሙታን ቅዳሜ ሴቶቹ ንፍሮ ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ፣ ቄሱ የሟቾችን ስም በጠሩ ቁጥር ከኋላ አንዲት ትንሽ ልጅ እኔን ጠሩኝ ብላ ቀና ትላለች። ስታማታ ይህን ባየች ቁጥር ሆዷ ይባባል። ስሟን ትጠላዋለች፤ ነገር ግን አብሯት እንዲቀበር አትፈልግም። ሁለቱ እንዴት ባንድ ልብ ይገባሉ የሚል ሰው ካለ፣ ሳይወልድ በሰው ጓዳ ተቀምጦ አያውቅም።

ዚሲስ ላምብሪኒን አገባ። የመጀመሪያዋን ልጅ በእናቱ ስም ኮስታንዶ አሏት። ሁለተኛዋን በላምብሪኒ እናት ስም አንቱሳ አሏት፤ እሷን ገና ጥርስ ስታበቅል ኩፍኝ ወሰዳት። ሦስተኛዋም ሴት ሆነች። መንገዱ በበረዶ በተዘጋበት ሰሞን ተወለደች፤ ምጡ የሚያልቅ አይመስልም ነበር። አዋላጇ እጇን እየታጠበች ስታማታን ወደ ጥግ ጠራቻት።

"ይቺ ሴት ከእንግዲህ አትወልድም። ከወለደች የገደላችኋት እናንተ ናችሁ። ለወንድምሽ ንገሪው" አለቻት።

ነገረችው። ዚሲስ የበቅሎ ኮርቻ እየሰፋ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለም።

"አዋላጅ የማትለው የላት። ይልቅ ስሚኝ፣ እታለም። ክርስትና የምታነሺያት አንቺ ነሽ አይደል? ስምሽን ስጪያት።"

"ስሜ ምን ይረባታል?"

"ለእሷ ማን አለሽ? ለእኔ ነው። እኔን ያመጣ ስም አይደለም እንዴ? ወንድ ልጄንም ያመጣልኛል።"

"እናታችንስ?"

"እሷ ጊዜዋ ደርሶ ነው" አለና ወስፌውን በቆዳው ውስጥ ሰደደው።

ለጥምቀቱ አንድ ቀን ሲቀር ላምብሪኒ ሕፃኗን ታጥብ ነበር። ከወለደች ወዲህ ፊቷ ሰም መስሏል። ስታማታ ሞቅ ያለውን ውሃ ቀስ እያለች ታፈስላታለች።

"እትዬ፣ ነገ ልጄን ማን ልትያት ነው?"

"የክርስትና እናት አስቀድማ አትናገርም። ታውቂው የለ?"

"ኧረ ተይ እንጂ! ስንት ዓመት ካንድ ድስት በልተን?" ላምብሪኒ የልጅቷን ጀርባ እያሸች ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አንቱሳን አስነሺልኝ። እናቴንም ልጄንም ባንዴ ታስነሺልኛለሽ።"

"ዚሲስ የሚለውን ሰምተሻል።"

"ሰምቻለሁ እንጂ! አዋላጇ ያለችውንም ሰምቻለሁ። ስምሽን ከሰጠሻት፣ ወንዱ መንገድ ጀምሯል ብሎ ያምናል። ያኔ እኔን ከአልጋው ማን ያስጥለኛል? አንቱሳ ካልሻት ግን ተስፋ ይቆርጣል፣ ይኮርፋል። ይኩረፍ! የኮረፈ ባል አይገድልም።" ቀና ብላ አየቻት። "ስምሽ እናትሽን በልቷታል፣ እትዬ። ይቅር በይኝ፤ ግን በልቷታል።"

ይህን እስከዚያ ቀን የተናገረ ሰው አልነበረም። ስታማታ ዕድሜ ልኳን በሆዷ ያመላለሰችው ነገር ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ፣ መቆጣት ሲገባት እንባዋ መጣ። ላምብሪኒን የዚያን ዕለት የወደደቻትን ያህል ማንንም ወዳ አታውቅም።

"በእናቴ አጥንት ይሁንብኝ፣ አንቱሳ እላታለሁ" አለች። ከልቧ ነበር።

በማግስቱ ላምብሪኒ እንደ ወጉ ቤት ቀረች። እናት ልጇ ስትጠመቅ ቤተ ክርስቲያን አትሄድም፤ ቤቷ ተቀምጣ፣ የደረቀ በለስና ለውዝ በጭኗ ይዛ፣ የመንደሩ ልጆች ስሙን እየሮጡ እስኪያመጡላት ትጠብቃለች። ስታማታ ሕፃኗን ታቅፋ በመቃብሩ መካከል አለፈች። በየመስቀሉ ላይ የተጻፈው ስም ሁሉ ከኋላዋ በሚንጫጫው የልጅ መንጋ ውስጥ ወራሽ አለው። አንዷ ኮስታንዶ ናት፣ አንዷ ቫሲሎ፣ አንዷ ክሪስታሎ። የእሷን የያዘ ግን የለም።

የልጅቷን ልብስ አውልቀው ዘይት ቀቧት። በዘይት በተሙለጨለጨ እጇ የስታማታን ጣት ጨብጣ አልለቅም አለች። ቄሱ አባ ሶቲሪስ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ "ስሟስ?" ሲሉ ጠየቁ።

አንቱሳ የሚለው ምላሷ ላይ ነበር። ዚሲስ ከኋላዋ ቆሞ ትንፋሹ ይሰማታል። በኋላ፣ ወንድሟን ፈርታ ነው እንጂ ምን ታድርግ ያሉላት ነበሩ። ውሸት ነው። በዚያች ደቂቃ ዚሲስን ረስታዋለች፤ ላምብሪኒንም ረስታታለች። ጣቷን የጨበጠችውን ትንሽ እጅ እያየች፣ ይቺ ካልያዘችልኝ ማንም አይይዝልኝም ስትል አሰበች።

"ስታማታ" አለች።

"አበጀሽ!" አለ ዚሲስ ከኋላ። ልጆቹ በሩን ገፍተው ቁልቁል ሮጡ። አባ ሶቲሪስ ሕፃኗን ሦስት ጊዜ ነከሯት፣ በየጊዜውም ስሟን ጠሩ፤ ትልቋ ስታማታም ስሙ በተጠራ ቁጥር እሷ ራሷ ውሃ ውስጥ የምትገባ መሰላት።

ቤት ሲደርሱ ልጆቹ ደጅ ላይ በለስ እያላመጡ ነበር። ላምብሪኒ እንደ ወጉ አድላቸዋለች። በሩ ላይ ቆማለች፤ ፊቷ ላይ ቁጣም እንባም የለም። ስታማታ ልጅቷን ዘረጋችላትና የክርስትና እናት የምትለውን አለች፦

"ሳትጠመቅ ሰጠሽኝ፣ ተጠምቃ መለስኩልሽ።"

ላምብሪኒ ሦስት ጊዜ እጅ ነሣች፤ ጎንበስ ብላም እጇን ሳመች። ከንፈሯ ደረቅ ነበር።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ አበልጄ" አለች። ከዚያን ቀን በኋላ እትዬ ብላት አታውቅም። ልጅቷን ስትቀበልም ለስታማታ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "አንቺስ ተነሣሽ። እኔን ማን ያስነሣኝ ይሆን?" አለቻት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ላምብሪኒ በዓመቱ ፀንሳ ወለደች። ወንድ ነው። ዚሲስ ጠመንጃ ተኮሰ፤ ቡና ቤቱ ባረቄ ሰከረ። ሳይመሽ ላምብሪኒ ሞተች። አዋላጇ በደም የተነከረውን ጨርቅ ስታማታ እግር ሥር ጥላ፣ የቀረበላትን እህል ሳትነካ ወጣች።

መንደሩ ግን አሁንም የቆጠረው ወንዱን ነው። "ያ ስም ሠራ! ሁለተኛ ሠራ!" ተባለ። የላምብሪኒ አርባ ሳይወጣ ቫያ የምትባል የአራት ሴቶች እናት አንድ ድፍን አይብ ለእጅ መንሻ አዝላ መጣች። ስታማታ እግር ላይ ወድቃ እጇን ያዘች፤ ላምብሪኒ የሳመችውን ያንኑ እጅ።

"ለአራተኛዋ ስምሽን ስጪልኝ። ባሌ ሊፈታኝ ነው።"

"ሂጂ ከዚህ! ስሙ ሰው ይገድላል! አላየሽም?"

"ኧረ እሷ ጊዜዋ ደርሶ ነው" አለች ቫያ፣ በየዋህነት።

ስታማታ አይቡን ወደ ደጅ ወረወረችው። ምን ዋጋ አለው? ቫያ ሌላ የክርስትና እናት ፈልጋ ልጇን ስታማታ አሰኘቻት። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት። ከላይኛው ሰፈር አንዷ ተከተለች፣ ከወንዙ ማዶ ሌላዋ። መንደሩ በሙሉ ባንዲት ሴት ብቻ ያውቀው የነበረው ስም ጥቂት ዓመት ሳይቆይ በየደጁ ይጠራ ጀመር። በቅሎዎቹም ለምደውት መቆም ተዉ። ላምብሪኒ የሚለውን ስም ለልጁ የሚሰጥ ግን ጠፋ። በወሊድ የሞተች ሴት ስም ነዋ፤ ማን ደፍሮ ቤቱ ያስገባዋል?

አንድ የበጋ ማታ ስታማታ ትንሿን ስታማታን ይዛ ምንጭ ወርዳ ነበር። ልጆቹ በውሃው ዙሪያ ይራጫሉ።

"አክስቴ፣ የእናቴ ስም ማነው ያልሽኝ?"

"ላምብሪኒ።"

ልጅቷ ወደ ጓደኞቿ ዞራ ሁሉንም አየች። "እኛ ጋ ላምብሪኒ የምትባል የለችም እኮ።"

"የለችም።"

"ለምን?"

ስታማታ እንስራዋን ከውሃው ሥር ደቀነች። ከላይ ከመንገዱ አንዲት እናት "ስታማታ!" ብላ ተጣራች። ምንጩ ዳር ያሉት ልጆች ባንድ ላይ ቀና አሉ። አንገቷን ያላነሣች ትልቋ ስታማታ ብቻ ነበረች።