ያሸነፈ ሦስት ወር አይደውልም

«ክቡራን ለቀስተኞች፣ የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እንዲሁም ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ ወገኖች!» አሉ የእድሩ ዳኛ ጋሽ እሸቴ፣ ድንኳኑ መሀል ቆመው ጉሮሯቸውን እየጠረጉ። ንፍሮ የዘገነ እጅ ሁሉ አፍ ሳይደርስ ቆመ። «በዚህ ግቢ የሚገኝ፣ ቀለሙ ጥቁር፣ አንቴናው በሽቦ የተቀጠለ አንድ ሬዲዮ ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ሰልስቱ እስኪወጣ ድረስ እንዳይከፈት የእድሩ ኮሚቴ በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ለቅሶ ቤት ሬዲዮ አይዘፍንም። አመሰግናለሁ።»

በሙሉ ድምፅ ማለታቸው ውሸት አልነበረም። በቦታው የተገኙት የኮሚቴ አባላት እሳቸውና ገንዘብ ያዡ ሲሆኑ፣ ገንዘብ ያዡ ጥግ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

ደቻሳ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠ ውሳኔውን ሰማ። ጥፋቱ የራሱ ነው። ሚስቱ ፌኔት በተቀበረች ማግስት፣ ረፋዱ ወደ አራት ሰዓት ሲጠጋ፣ እጁ ሳያማክረው ተነሥቶ ኮመዲኖው ላይ ያለውን ሬዲዮ ከፈተ። የወጣው ዜና ቢሆን ኖሮ ምንም አልነበረም። የወጣው የሳሙና ማስታወቂያ ነው፤ ያውም ጭብጨባ ያለው። ከኮዬ ፈጬ ለለቅሶ የመጣችው የፌኔት ታናሽ እህት ደራርቱ ጮኻ ዘጋችው።

«ኀዘኑ ነው» አለ አንዱ።

«ኀዘን ከሆነ ታዲያ ምነው አያለቅስም?» አለች አንዷ ለጎረቤቷ። በሹክሹክታ ነው ያለችው፤ ሹክሹክታዋ ግን እስከ ድንኳኑ በር ደረሰ።

አላለቀሰም፤ እውነቷን ነው። ፌኔት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ጋደም አለች፣ «ራሴን» አለች፣ አልተነሣችም። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ «ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ»፣ «እግዜር ያጥናዎት» ሲለው ደቻሳ መዳፉን ደረቱ ላይ ያደርጋል። አሜን ማለቱ ነው።

ዕድሜውን የፈጀው ወፍጮ ቤት ነው። ሞተር በሚጮህበት ቤት ሰው አያወራም፤ ጣት ያሳያል፣ ቅንድብ ያነሣል። ማታ ቤቱ ሲገባም ያው ነበር። መዳፉን ከዘረጋ ወጡ በቃኝ ማለት ነው። ጣቱን አየር ላይ ካዞረ ቀጥይ፣ ጨምሪ ማለት ነው። ጉልበቱ አሻፈረኝ ብሎት ቤት ከዋለ በኋላም ሞተሩ ከውስጡ አልጠፋም። ፌኔት መጀመሪያ ላይ ትስቅ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ወፍጮው ቆሟል እኮ! ዱበዹ! ተናገር እንጂ!» ትለዋለች። እሱ ቅንድቡን ያነሣል።

በኋላ መሳቁን ተወችውና ሬዲዮ ጣቢያ መደወል ጀመረች።

ዝግጅቱ «መልሱና ውሰዱ» ይባላል። አዘጋጁ ሕዝቅያስ የተባለ፣ ሁልጊዜ አሁን ገና ከእንቅልፉ የነቃ የሚመስል ጎረምሳ ነው። መስመር የገባለትን ሰው ጥያቄውን ከመጠየቁ በፊት ያጫውተዋል፦ ከየት ነው የሚደውሉት፣ ምን ተሠራ ዛሬ፣ አጠገብዎ ማን አለ። የመለሰ ፔርሙስ፣ ብርድ ልብስ፣ ወይም ቡራዩ አንድ ሆቴል ውስጥ የሁለት ሰው ምሳ ይወስዳል። ዕድሉ ለሁሉም ይዳረስ ተብሎ ደግሞ ሕግ ወጥቷል፤ ያሸነፈ ሦስት ወር አይደውልም። የተሳሳተ ግን ነገም ይችላል።

ፌኔት ትሳሳት ነበር። አንድ የእግር ኳስ ቡድን ስንት ተጫዋች ይዞ ሜዳ ይገባል ስትባል «አሥራ ሁለት፤ ዳኛውን ጨምሮ» አለች። ሱሉልታ ለአዲስ አበባ በየት በኩል ናት ስትባል «እንደ ታክሲው ነው» አለች። ሕዝቅያስ በሳቅ ሞተ፤ ሰበታም አብራ ሳቀች። መታጠፊያ የሳተ ባጃጅ ነጂን ጓደኞቹ «ፌኔት ከሰበታ!» እያሉ ይጮኹበት ጀመር። አሁን ድንኳኑ ውስጥ ራሱ፣ ንፍሮው ሲዞር፣ ሁለት ሰዎች ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ አንገታቸውን ደፍተዋል። የሚያለቅሱ ይመስላሉ። «እንደ ታክሲው ነው» ይባባሉ ነበር።

ደቻሳን የሚበላው ሌላ ነገር ነው። ፌኔት መልሱን ታውቅ ነበር።

አንድ ቀን ሕዝቅያስ «አዋሽ መጨረሻው የት ነው?» አላት። «ቀይ ባሕር» አለች። የተፍኪ ልጅ! ክረምት በመጣ ቁጥር አዋሽ ሞልቶ የአባቷን ጤፍ ሲያለብሰው ያደገች ልጅ! ለደቻሳ ገና እጮኛው ሳለች የነገረችው ስለዚሁ ወንዝ ነበር። «ሌላው ወንዝ ባሕር ይገባል። የኛው ግን የትም አይሄድም፤ አፋር በረሃ ውስጥ እዚያው ይቀራል» ብላዋለች። ታዲያ ምን ብላ ቀይ ባሕር አስገባችው? ያን ቀን ሊጠይቃት ነበር። ቅንድቡን አነሣ፤ እሷ ጎመን መክተፏን ቀጠለች። ቅንድብ ጥያቄ መሆኑን እያወቀች እንዳላየች ሆነች። አሁን ማን ይነግረዋል?

ይህን ሲያብሰለስል ነው ከመንገዱ ማዶ ያ ሳሙና እንደገና የዘፈነው። ባለሱቁ ዲኖ የሬዲዮውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ለቆታል።

ጋሽ እሸቴ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። «አንተ ዲኖ! ውሳኔ አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ ጋሽ እሸቴ። ‹በዚህ ግቢ የሚገኝ፣ ቀለሙ ጥቁር› ነው የሚለው። የኔ ግቢው ውስጥ የለም፤ ቀለሙም ቀይ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ ሕግ ተምረሃል እንዴ?»

«ለቅሶ ተምሬያለሁ። ዝም ብለው ይስሙ።»

የሕዝቅያስ ድምፅ መንገዱን ተሻግሮ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። «እኔ የምለው፣ ፌኔት ከሰበታ የት ጠፋች? ትናንት የለችም፣ ዛሬም የለችም። ፌኔት፣ ተቀየምሽን እንዴ? አንቺ ካልተሳሳትሽልን እኮ ሌላው ሰው ልክ መሆኑን በምን ያውቃል?» ብሎ ሳቀ፤ ብቻውን።

ደራርቱ እሪ አለች። ሴቶቹ ተቀበሏት። ሲስቁ የነበሩት ሁለት ሰዎች ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎተቱ። ደቻሳ ተነሣ፤ ሊይዙት የተዘረጉትን እጆች አልፎ መንገዱን ተሻገረና ሱቁ ደጃፍ ካለው የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ዝግጅቱ እስኪያልቅ እዚያው ቆየ። ዲኖ ሬዲዮውን ሲዘጋ ደቻሳ ጣቱን አየር ላይ አዞረ።

«ሻይ ላምጣ ኦቦ ደቻሳ?»

ራሱን ነቀነቀ። ፌኔት ብትሆን ገብቷት ነበር። ቃል መፈለግ ሊኖርበት ነው። «ንገረኝ» አለ፣ ድምፁ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲንሲያጠጥ። «ለምን ነበር የምትሳሳተው?»

«እኔ ካርድ እሸጥላት ነበር እንጂ ምን አውቄ።» ዲኖ የባንኮኒውን አቧራ በእጁ ጠረገ። «አንድ ጊዜ ግን መልሳለች። ጃንጥላውን ያስታውሳሉ?»

እንዴት ይረሳል። ደርዘን እንቁላል ስንት ነው ስትባል ሳታስበው «አሥራ ሁለት» ብላ አመለጣት። ሕዝቅያስ ጮኸ፣ ጥሩንባ ተነፋ። ጃንጥላው መጣ፤ ከነላስቲኩ በሩ ኋላ ተንጠለጠለ። ያን ክረምት ቤቱ ውስጥ የሚሰማ ነገር ቢኖር ቆርቆሮውን የሚመታው ዝናብ ነበር። እሷ እየተበሰበሰች ገበያ ትሄድ ነበር እንጂ ጃንጥላውን አልነካችውም።

«በማግስቱ መጣች» አለ ዲኖ። «እንደ ልማዷ ካርድ ገዛች። ከዚያ ‹ዲኖ፣ ጃንጥላውን ብመልስላቸው ይቀበሉኛል?› አለችኝ። ‹ምነው፣ ተቀደደ?› አልኳት። ‹ደህና ጃንጥላ ነው። ሦስት ወሩ ነው የረዘመብኝ› አለች። እኔ ደደቡ የክረምቱን ነገር የምታወራ መስሎኝ፣ ‹ለክረምቱማ ይሆንሻል፣ ያዢው› አልኳት።»

ደቻሳ ማዶ ወዳለው ቤቱ አየ። ከዚህ ሆኖ የጓሮው ጌሾ ጫፍ ይታያል። ሕዝቅያስ ለሚደውል ሁሉ «ሬዲዮውን ይቀንሱልኝ» ስለሚል፣ ፌኔት ሬዲዮውን ለእሱ ትታ እዚያ ጌሾው ሥር ትቆም ነበር። ሬዲዮ ደግሞ ትንሽ ይዘገያል። ስለዚህ ደቻሳ ሚስቱን ሁለት ጊዜ ይሰማት ነበር፤ መጀመሪያ በመስኮት፣ ቀጥሎ ከኮመዲኖው ላይ።

«አጠገብሽ ማን አለ?» ይላታል ሕዝቅያስ።

«ባለቤቴ አለ።»

«ምን ይላል?»

«ዛሬ ደስ ብሎታል። ጎመኑ ጣፍጦኛል ይላል። ሰላም በሉልኝ ብሏል።»

ደቻሳ ይህን ብሎ አያውቅም። የተናገረውን የሚሰማው ከሬዲዮ ነበር። ጎመኑ ግን በእርግጥ ጣፍጦታል።

«ኦቦ ደቻሳ?» አለ ዲኖ። «አመመዎት?»

መዳፉን ዘረጋ። በቃኝ ነው።

በሰልስቱ ቀን ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ እህል ከቀመሰ በኋላ ጋሽ እሸቴ ሬዲዮው ነጻ መውጣቱን፣ ድንኳኑም መፍረስ እንደሚችል በይፋ አስታወቁ። ወጣቶቹ ገመድ መፍታት ጀመሩ። ነገ ግቢው ባዶ ይሆናል። ደራርቱም የኮዬ ፈጬን አውቶቡስ ትይዛለች።

ደቻሳ የፌኔትን ስልክ ከኮመዲኖው አነሣ። ሬዲዮውን ከፈተ፣ ድምፁን ጨመረ፣ የሬዲዮውን ፊት ወደ መስኮቱ አዞረና ወጣ። ማካፋት ጀምሮ ነበር። ደራርቱ ያንን ጃንጥላ ከበሩ ኋላ አውርዳ «ይያዙት እንጂ፣ ይበሰብሳሉ» ብትለው በእጁ መለሰላትና ጌሾው ሥር ሄዶ ቆመ። ደወለ። ተይዟል። ደወለ። ተይዟል። ሰዉ ገመዱን እንደያዘ ቆሞ ያየው ጀመር።

«መልሱና ውሰዱ! ማን ልበል?»

«ደቻሳ። ከሰበታ።»

«ሬዲዮውን ይቀንሱልኝ አባቴ።»

«ውጭ ነኝ።»

«ጎበዝ! አጠገብዎ ማን አለ?»

ደቻሳ ዙሪያውን አየ። ጌሾ፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ፣ ግማሹ የወረደ ድንኳን። «የፌኔት ባለቤት ነኝ» አለ። «እሑድ ነው የተለየችኝ።»

ሬዲዮው ዝም አለ። ሳሙናውም አልዘፈነም። ሕዝቅያስ ሲመለስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነቅቶ የዋለ ሰው ድምፅ ነበረው። ሰሞኑን ስላለው ነገር ይቅርታ ጠየቀ፤ ምን ያህል ይወዷት እንደነበር ተናገረ። ከዚያ፣ ስፖንሰሩ አሁን እዚሁ አጠገቡ መሆናቸውን፣ ለፌኔት መታሰቢያ ፍሪጅ መስጠታቸውን አበሰረ። «ጥያቄው ለእርስዎ ብቻ ነው ኦቦ ደቻሳ። ቀላል ነው። ፌኔት ተወልዳ ያደገችው የት ነው?»

«ተፍኪ!» አለ ግቢው በአንድ ትንፋሽ። ጋሽ እሸቴ እንዳይረበሽ ብለው ድምፅ ሳያወጡ፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ከዘራቸውን ወደ ተፍኪ አቅጣጫ ቀሰሩ።

ደቻሳ የጌሾውን ቅጠል በጣቱ ነካ። «ቡራዩ» አለ።

ትንሽ ቆይቶ ከመስኮቱ የራሱ ድምፅ መጣ፦ «ቡራዩ።»

«ኦቦ ደቻሳ፣ ይረጋጉ፤ ጊዜ አለን። አዋሽ ዳር ያለች፣ በ‹ተ› የምትጀምር...»

«ቡራዩ ነው ያልኩት።»

«እንግዲህ... ተሳስተዋል» አለ ሕዝቅያስ ቀስ ብሎ።

«ነገም መደወል እችላለሁ ማለት ነው?»

«ይችላሉ።»

«ደህና። ፌኔት ሰላም ብላችኋለች።»

ስልኩን ዘግቶ ጥቂት ቆመ፤ የላከው ሰላምታ በመስኮቱ ወጥቶ እስኪያልፍ። ከዚያ ወደ ቤት ገባ። ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰካ። ደራርቱ ተከትላው ገባች፤ ጃንጥላው ከነላስቲኩ እጇ ላይ ነው።

«ኦቦ ደቻሳ፣ ምን ነካዎት? ፍሪጅ እኮ ነው! ደግሞ ተፍኪ ጠፍቶዎት ነው? ሽማግሌ ልከው ያስጠየቋት ከዚያ አይደለም እንዴ? በእግዜር፣ ለምን እንደዚያ አሉ?»

ደቻሳ መዳፉን ሊዘረጋ አሰበና ተወው።

«አልነግርሽም» አለ።