የፕሮጀክተሯ ባና

«ክደኛትና ጀምሪ ብያለሁ። ሰዉ እየገባ ነው» አለ ዘርአ ዳዊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ይግባ። እኔ መች ከለከልኩት?»

አልታየች ቀና እንኳ አላለችም። የፕሮጀክተሯን የጎን ሽፋን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አጋድማዋለች፤ ብሎኖቹ እንዳይጠፉባት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራቸዋለች። አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ከአንጥረኞቹ ሰፈር የተዋሰችው ወናፍ ተጋድሟል።

«ይሄንን ደግሞ ከየት አመጣሽው? ከአውራጃ የመጣ እንግዳ ፊት የቀጥቃጭ ወናፍ?»

«ቀጥቃጭ ብሎ መሳደብ ቀርቷል ያልከን አንተ አይደለህም? እዚሁ መድረክ ላይ ቆመህ። እኔማ አጨብጭቤልህ ነበር።»

ዘርአ ዳዊት ወደ በሩ ተመለከተ። የቀበሌው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ከሆነ ወዲህ ነገር ሲጠብበት የካኪ ኮቱን ቁልፍ መነካካት ልማድ ሆኖበታል። ያኔ፣ አልታየች ታመነን ስታገባ፣ ሚዜ ሆኖ ከአባቷ ቤት አዝሎ ያወጣት እሱ ነበር። ዛሬ ግን በመሃላቸው ታመነ ራሱ ቆሟል፤ ያውም ከእስር ቤት ሆኖ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአዳራሹን ፕሮጀክተር የሚያንቀሳቅሰው ታመነ ነበር፤ አልታየች ከጎኑ ሆና ፊልም ታጠነጥናለች። ባለፈው ጥር የአብዮት በዓሉን ሰልፍ ሲያሳይ፣ ሰልፈኞቹ ክንዳቸውን ካነሱበት ቦታ ላይ ፊልሙ ቀጥ አለ። መሃሉ ቡናማ ሆነ፣ አረፋ ደፈቀ፣ ተበሳ። ሰዉ ሳቀ። የሳቀውን ሁሉ ማሰር ስለማይቻል ታመነ ታሰረ። ሰልፉን ሆን ብሎ ያቃጠለ አሻጥረኛ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ አልታየች ጠዋት ጠዋት ስንቅ ይዛ ጣቢያ ትሄዳለች፤ ከሰዓት ደግሞ ሌላ የሚያውቅ ሰው ስለጠፋ ባሏን ያሳሰረችውን ማሽን ታንቀሳቅሳለች።

ዛሬ ፕሮጀክተሯን ስትሞክር የማሽኗ ጀርባ እንደ ምጣድ ጋለባት። ማራገቢያዋም ታቃስታለች። ሽፋኑን ብትፈታው የማራገቢያዋ ምላሶች አይታዩም፤ አየር የሚገባበት ወንፊት ላይ ወፍራም የሱፍ ድርብርብ ተጣብቋል። ግራጫ ነው፤ መሃል መሃሉን ቡኒና ጥቁር ጠጉር አለበት። ይህን ቀለም ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። ማሽኗ የምትለብሰው የሱፍ ባና ቀለም ነው።

ኅዳር ላይ ውርጩ ሲበረታ ማሽኗ ጠዋት አልነሳ እያለች አስቸግራ ነበር። ዘርአ ዳዊት ለሸማኔዎቹ ማኅበር ነግሮ ከመንዝ በግ ጠጉር አንድ ባና አሠራላት፤ ገና ያልታጠበ፣ ሲነኩት የሚረግፍ። ማታ ማታ አልታየች እንደ ሕፃን ትሸፍናታለች። ብርድ ሲጠናም ማሽኗ እየሠራች ሳለ እንኳ ባናውን ጀርባዋ ላይ ይተዉላታል። እዚህ አገር የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ይበርደዋል፤ ሰውም፣ በቅሎም፣ ማሽንም። እየሞቀች ነው ብለው ያሰቧት ማሽን ለካ እየታፈነች ኖሯል።

«አጽጃት» አለ ዘርአ ዳዊት። «አታጽጂ ማን አለሽ? አጽጃትና ጠጉሩን ወዲያ ጣይው።»

«ሰው ፊት ነው የማጸዳት።»

«ለምን ሲባል?»

«ታመነን የወሰዱት ሰው ፊት ነዋ።»

ጠጋ አላት። «አልታየች፣ ባናውን ያሠራሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ጥፋተኛ ሲፈለግ ባና አይታሰርም። እኔን ልታሳስሪኝ ነው?»

«ባሌን ላስፈታ ነው። አንተን ማሰር አለማሰር የነሱ ሥራ ነው።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው እናስቀምጣለን።»

«አስቀምጡ። ብሎኖቹ ግን እኔ ጋ ናቸው» አለችና የነጠላዋን ቋጠሮ መታ መታ አደረገችው።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከአውራጃ የመጡት ጓድ ወልደተንሣኤ ገብተው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከኋላቸው የጣቢያው ሃምሳ አለቃ ገብረአማኑኤል ቆመ፤ የእስር ቤቱ ቁልፎች እንደ ወትሮው ወገቡ ላይ ተንጠልጥለዋል። ጭብጨባው ሲያልቅ ሁሉም ፊልሙ ወደሚታይበት ነጭ አቡጀዲ ዞሮ ጠበቀ። ምንም የለም።

«ምን እንጠብቃለን?» አሉ እንግዳው።

«ትንሽ የቴክኒክ ችግር ነው፣ ጓድ» አለ ዘርአ ዳዊት።

«ችግሩ እኔ ነኝ» አለች አልታየች ከወደኋላ። «ማሽኗ ታፍናለች። ሳላጸዳት አልጀምርም፤ ስትጸዳም እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ።»

ወንበሮች ተንቋቁ። ጓድ ወልደተንሣኤ ተነሥተው መጡ፤ ሌላው ሰውም ተግተልትሎ ጠረጴዛውን ከበበ። አልታየች ወስፌዋን ከወንፊቱ ጠርዝ ሥር አስገብታ ዙሪያውን ፈለቀቀችው። ሱፉ ሳይበጠስ እንደ ሕፃን ቆብ ክብ ሆኖ ወጣ። ከዚያ የወናፉን አፍ ማራገቢያው ላይ ደግና ተጫነችው። የተነሣው አቧራ በእንግዳው ጥቁር ጫማ ላይ አረፈ። ማንም ይቅርታ አልጠየቀም።

የሸማኔዎቹ ማኅበር ሰው አቶ ተክለጊዮርጊስ አንገታቸውን አስግገው ሱፉን አዩት። «ይሄማ የኛ ነው። ጥቁሩን የፈተለችው ፈታያችን በሰለች ናት፤ ስትፈትል ስለምታወራ ይላላባታል።»

«እርስዎ ደግሞ ሲሸምኑ ስለሚያንቀላፉ ነው» አለች በሰለች ከበስተኋላ።

ሳቅ ተሰማ። ጓድ ወልደተንሣኤ ግን አልሳቁም። «ይህ ነገር ፊልም ያቃጥላል?»

«ያቃጥላል። አምፖሉ እሳት ነው፤ ነፋስ ካልደረሰው ፊቱ ያገኘውን ይበላል። ጥር ላይም የበላው እሱ ነው። በእሱ ጥፋት ባሌ ታሰረ።»

«ባናውን ማነው ያለበሳት?»

«እኔ ነኝ። ማታ ማታ የማለብሳት እኔ ነኝ።»

«ያሠራውስ?»

የዘርአ ዳዊት እጅ የኮቱ ቁልፍ ላይ ቀረ። አልታየች አላየችውም። ስሙን ብትጠራ ነገሩ ባንድ ቃል ያልቃል፤ አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ይገባል። ጠዋት ጠዋት ጣቢያው በር ላይ ስንቅ ይዘው ከሚሰለፉት ሴቶች ጋር የእሱ ሚስት ትጨመራለች።

«ብርዱ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«የደብረ ብርሃን ብርድ ነው ያሠራው፣ ጓድ። ማሰር ካስፈለገ ውጭ ቆሞልዎታል።»

አቶ ተክለጊዮርጊስ አፋቸውን በጋቢያቸው ይዘው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። ጓድ ወልደተንሣኤ ሱፉን በጣታቸው ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ጀምሪ» አሉ።

«ባሌስ?»

«ጀምሪ አልኩሽ።»

«ስለ ባሌ ሳይነግሩኝ አልጀምርም።»

ዘርአ ዳዊት ዓይኑን ጨፈነ። እንግዳው እንደ መቆጣትም እንደ መሰልቸትም አላቸው። «ያው ፊልም አለ?»

«አለ። የተበሳውን ቆርጬ ቀጥዬዋለሁ።»

«እሱን አሳዪን። ያን ቦታ ሳይቃጠል ካለፈ የታሰረበት ምክንያት አይኖርም፤ ይፈታል። ከተቃጠለ ግን ሁለታችሁም ናችሁ።»

«ይሁን» አለችና ቋጠሮዋን ፈታች።

ሁሉም ወደየቦታው ተመለሰ። መብራት ጠፋ። አልታየች ባናውን አጣጥፋ ተቀመጠችበት፤ ለማሽኗ አላለበሰቻትም። ሰልፉ አቡጀዲው ላይ መትመም ጀመረ፤ ገበሬው፣ ወዛደሩ፣ ባንዲራው። እሷ ግን ፊልሙን አታይም። ጆሮዋን ማራገቢያው ላይ አሳርፋ ማቃሰቱ ተመልሶ እንደሆነ ታዳምጣለች፤ መዳፏም ከማሽኗ ጀርባ አልተነሣም። ሞቅ አለ፤ ግን አልጋለም። ሰልፈኞቹ ወደዚያች ቦታ ሲቃረቡ አዳራሹ ውስጥ የሚያስል ሰው እንኳ ጠፋ። ክንዶች ተነሡ። የተቀጠለችው ቦታ በማሽኗ ጥርሶች ላይ ቀጭ ብላ አለፈች። ክንዶቹ ወረዱ፤ ሌሎች ተተኩ። ሰልፉ ቀጠለ።

ፊት ወንበር ላይ ጓድ ወልደተንሣኤ ራሳቸውን ወደ ኋላ ዘንበል አድርገው ለሃምሳ አለቃው አንድ ነገር ተናገሩ። ሃምሳ አለቃ ገብረአማኑኤል ወገቡ ላይ ያሉት ቁልፎች እንዳይንሿሹ በእጁ ጨብጦ፣ ጎንበስ ብሎ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ወደ በሩ ሄደ። የበሩ መጋረጃ ተገልጦ ብርድ ገባና የአልታየችን እግር ነካው። ከዚያ መጋረጃው ተመልሶ ወደቀ። እሷ ጆሮዋን ከማራገቢያው አላነሣችም፤ ሌላውም ሰው ዓይኑ ሰልፉ ላይ ነበር።