ለአምስት ቀን የታሰበ ጉዞ

የኔሰው ብቸና ላይ ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመረ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። በእነዚህ ዓመታት የአገሪቱን ብሔራዊ ፓርኮች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደሣላቸው አያውቅም። አንዱንም ግን በዓይኑ አላየም። ተማሪ ተነሥቶ "መምህር፣ አዋሽ ፓርክ ሄደው ያውቃሉ?" ሲለው "ወደ ትምህርታችን እንመለስ" ብሎ ያልፈዋል።

ታናሽ ወንድሙ ባንተአምላክ ኑሮው ሞጣ ነው። ከሞጣ ባሕር ዳር የሚመላለስ ሚኒባስ አለው፤ ራሱ ነው የሚነዳው። ሚስቱ ወይንእሸት ትባላለች፤ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ አለቻቸው፣ ሄለን። የኔሰውና ሚስቱ አስቻለች ልጅ ስላልወለዱ፣ ሄለን ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ብቸና እየመጣች ትሰነብታለች። ስትመጣ ቤቱ ይሞቃል፤ ስትሄድ ባልና ሚስቱ ለጥቂት ቀን ድምፃቸውን ቀንሰው ያወራሉ።

የጉዞውን ነገር መጀመሪያ ያነሣው ባንተአምላክ ነው። ኅዳር ላይ ስልክ ደወለና፣

"ይቺን ልጅ አዲስ አበባ ካልወሰድኳት ሰላም አትሰጠኝም" አለ። "እዚያ ያለውን የመጫወቻ ፓርክ በቪዲዮ አይታ እንቅልፍ አጥታለች። የሚሽከረከረውን፣ ሰው ይዞ ሽቅብ የሚወረወረውን፣ እርስ በርስ የሚጋጩትን ትንንሽ መኪኖች፣ ሁሉንም ካላየሁ ብላለች።"

"እዚያ ድረስ ከተሄደማ አዋሽ ፓርክን ሳናይ አንመለስም" አለ የኔሰው።

"ዝንጀሮ ለማየት ከሆነ ዓባይ በረሃ ላይ መኪናውን አቁሜ አሳይሃለሁ።"

"ሳላ ነው የማሳይህ። ቀንዱ እንደ ጦር የቀና።"

"ሳላው ልጅቷን ያጫውትልናል?"

ወንድማማቾቹ በዚህ ነገር ወር ሙሉ ተከራከሩ። ዓመቱ የጭንቅ ዓመት ነበር፤ አንድ ሳምንት መንገዱ ይከፈታል፣ በሌላው ይዘጋል፤ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ሱቅ ይዘጋል፣ ሲቆም ይከፈታል። ሰው ሁሉ ስለ መንገድና ስለ ሞት በሚያወራበት ጊዜ፣ ሁለቱ ስለ መጫወቻና ስለ ሳላ መጨቃጨቃቸው ራሱ እረፍት ሆናቸው። በመጨረሻ ነገሩን የቋጨችው ሄለን ናት። ደብተር አውጥታ ጻፈችው፤ የመጀመሪያው ቀን መንገድ፣ ሁለተኛው መጫወቻ፣ ሦስተኛው አዋሽ፣ አራተኛው ወደ አዲስ አበባ መመለሻ፣ አምስተኛው ወደ ቤት። ባንተአምላክ ከሞጣ በሚኒባሱ ተነሥቶ፣ ብቸና ላይ የኔሰውንና አስቻለችን ጭኖ፣ በደጀን አድርጎ ዓባይን ይሻገራል። ጊዜውም ለግማሽ ዓመቱ እረፍት ተቆረጠ።

ሄለን ፈተናዋን እንደጨረሰች፣ መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ፣ ከሚታወቅ ሰው ጋር ቀድማ ብቸና ተላከች። አባትና እናቷ ዓርብ ሊመጡ ነበር። ረቡዕ ግን ባንተአምላክ እንደ ወትሮው ሰው ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ወጣ። ከሞጣ ብዙም ሳይርቅ ተኩስ ተከፈተ። ከየትኛው ወገን እንደመጣ ያልታወቀ ጥይት በመስተዋቱ ገብቶ ደረቱን መታው። እግሩ ፍሬኑን እንደረገጠ ነበር፤ መኪናው ከአስፋልቱ ወርዶ የሰው ማሳ ውስጥ ቆመ። ከተሳፋሪዎቹ አንድም ሰው አልሞተም።

ለየኔሰው የደወለለት የባንተአምላክ ጎረቤት ምንይሉ ነው። የኔሰው መምህራን ክፍል ተቀምጦ ፈተና ያርም ነበር። ስልኩን ሰምቶ ሲጨርስ በእጁ የያዘውን ወረቀት አርሞ፣ ማርኩን ጽፎ፣ ከዚያ ተነሣ። ለምን እንደዚያ እንዳደረገ በኋላም አልገባውም።

ቤት ሲደርስ አስቻለችን በጓሮ በኩል ጠርቶ ነገራት። አፏን በነጠላዋ አፈነች። ሄለን ሳሎን ውስጥ ለጉዞው የምትይዘውን ልብስ እያጠፈች ትዘፍናለች።

"የአባትሽ መኪና ተበላሽቶበታል" አላት የኔሰው። "ሄጄ ላግዘው።"

"ለዓርብ ይደርሳል?" አለች።

"እናያለን።"

ሞጣ የደረሰው በማግሥቱ ነው። ቀብሩ እሱን ጠብቆ ነበር። ከቀብር መልስ ወይንእሸት ድንኳኑ ውስጥ በለቅሶተኛ ተከባ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ አገኛት። እጁን ይዛ ወደ ራሷ ሳበችው።

"ጋሽ የኔሰው፣ ልጄ ከሰው አፍ እንዳትሰማ" አለችው። "እኔ መጥቼ በራሴ አፍ እነግራታለሁ። እስከዚያ አባትሽ አዲስ አበባ ቀድሞ ሄዷል በሏት። ይማሉልኝ።"

ማለላት።

ሲመለስ ከጉንደ ወይን ወዲህ ያለውን ግማሹን መንገድ በእግሩ ነው የመጣው። እሱ ብቸና በገባ በሁለተኛው ቀን መንገዱ ከናካቴው ተዘጋ። ወይንእሸት ከሞጣ መውጣት አልቻለችም፤ ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር ብቻ እየደወለች ልጇን ታናግራለች። ሳምንቱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ሆነ። ትምህርት ቤቶችም እረፍቱ ካለቀ በኋላ ሳይከፈቱ ቀሩ።

ሄለን ከሰዓት በኋላ ደብተሯን ይዛ በረንዳው ላይ ትመጣና ከአጎቷ ጎን ትቀመጣለች።

"ጋሼ፣ አባዬ አዲስ አበባ ምን እየሠራ ነው?"

"መኪናውን እያስጠገነ። እግረ መንገዱንም ማረፊያ እየፈለገልን ነው።"

"አዋሽ ይበርዳል?"

"ሞቃት ነው። ቆላ ነው እኮ።"

"እንግዲያው ሹራቡን ላውጣው" ትልና ከዝርዝሯ ትሰርዘዋለች።

የኔሰው መጀመሪያ ሰሞን በአጭሩ መልሶላት ወደ ጓሮ ይሄድ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ውሸቱ የራሱ እግር አወጣ። ሄለን ጠየቀችው አልጠየቀችው፣ እሱ መጨመር ጀመረ። ማረፊያው ከመጫወቻው በር አጠገብ ነው አላት። ባለ ፎቅ ነው አላት። አንድ ቀን ትልቅ ወረቀት አምጥቶ የአዋሽን ፓርክ ካርታ ሣለላት፤ ፏፏቴውን፣ ፍል ውሃውን፣ የፈንታሌን ተራራ፣ ሳላዎቹ የሚውሉበትን ሜዳ። ሲሥል እጁ ፈጠነ፤ ድምፁ ክፍል ውስጥ እንዳለ ሁሉ ከፍ አለ። ፏፏቴው ላይ አዞ መኖሩን ሲነግራት ሁለቱም ሳቁ። በሳቁ መካከል የወንድሙ ሣጥን መጣበት፤ አፈር ሲወርድበት ከመቃብሩ አፋፍ ላይ ሆኖ እንዳየው። እርሳሱን አስቀምጦ ውሃ ልጠጣ ብሎ ተነሣ።

አስቻለች ጓዳ ውስጥ ቆማ ጠበቀችው።

"እስከ መቼ ነው?" አለችው ቀስ ብላ።

"እናቷ እስክትመጣ። ምያለሁ።"

"እሱን አውቃለሁ። ግን አንተ ስታወራት እውነት የምትሄድ ነው የምትመስለው።"

እውነትም እዚያች በረንዳ ላይ፣ ከዚያች ልጅና ከደብተሯ ጋር ሲቀመጥ፣ ወንድሙ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ እጁን በጨርቅ እየጠረገ የሚጠብቃቸው ይመስለው ነበር። በቀን ውስጥ ወንድሙ ያልሞተባት ሰዓት ያቺ ብቻ ነበረች።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ሄለን ደብተሯን ገልጣ፣

"ጋሼ፣ ከዚህ በአውቶቡስ ብንሄድ ይሻላል" አለችው።

"ለምን? የአባትሽ መኪና እያለ?"

"አራት ሰው ነን" አለች። በጣቷ ቆጠረች። "እናቴ፣ እርስዎ፣ እትዬ አስቻለች፣ እኔ። ለአራት ሰው ሚኒባስ ምን ያደርጋል?"

ልጅቷ ደብተሩን ነው የምታየው። በመንገዱ አህያ የሚነዱ ሰዎች አለፉ፤ የኔሰው እስኪያልፉ ጠበቀ።

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም።"

"ታዲያ?"

"እናቴ ስልክ ስትደውል የአባዬን ስም መጥራት ተወች። ድሮ አባትሽ እንዲህ አለ፣ አባትሽ እንዲህ አደረገ ሳትል አታወራም ነበር።" በአገጯ ወደ ቤቱ ጠቆመች። "እትዬ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው የምትለብሰው። ተመልሳ ቤት ልትገባ ስትል የግቢው በር ላይ ታስተካክለዋለች። በመስኮት አያታለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?"

"በሁለተኛው ሳምንት።"

የኔሰው ወደ ኋላ ቆጠረ። ካርታውን የሣለላት፣ በአዞው የሳቁት፣ ያ ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።

"ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ደብተርሽን ይዘሽ የምትመጪው ለምንድን ነው፣ ልጄ?"

"እርስዎ ስለ ጉዞው ሲያወሩ ፊትዎ ደህና ይሆናል" አለች። "ስናቆም ነው የሚብስብዎ።"

እጁን ዘርግቶ ራሷ ላይ አደረገው።

"በጥይት ነው?" አለች።

"አዎ።"

"ብዙ አመመው?"

"ወዲያው ነው አሉ። አላመመውም።" ይህ እውነት ይሁን ውሸት እሱም አያውቅም፤ እንደዚያ ብለው ነገሩት፣ እሱም አልመረመረም።

ሄለን ደብተሯን ዘግታ፣ "ፓርኩስ? እሱም ውሸት ነው?" አለችው።

"ፓርኩ አለ። ግን እኔም አይቼው አላውቅም።"

"እርስዎም?" አለች፤ በዚህ ግን በእርግጥ ተገረመች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ለእናቴ እንዳይነግሯት" አለች። "እሷ ልትነግረኝ ነው የምትፈልገው። እንደማላውቅ ሆኜ እሰማታለሁ።"

እንቢ ማለት ነበረበት። በዚያኑ ቀን ወደ ሞጣ ስልክ ሞክሮ፣ ሰባት ጊዜም ሆነ ሃምሳ ጊዜ ደውሎ፣ ልጅሽ አውቃለች ማለት ነበረበት። ነገር ግን ልጅቷ ቀና ብላ ስታየው ራሱን ነቀነቀላት። በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ቃል መግባቱ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲያ ደብተሩ አልወጣም። ከሰዓት በኋላ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አያወሩም። ሄለን አላለቀሰችም። አስቻለች ምግብ ስታቀርብላት ትበላለች፣ ሂጂ ስትላት ትሄዳለች። የኔሰው ለሚስቱ ሊነግራት ብዙ ጊዜ አፉን ከፍቶ ተወው።

ወይንእሸት የመጣችው ሚያዝያ ሲገባ፣ መንገዱ ለጥቂት ቀን በተከፈተ ጊዜ ነው። ምንይሉ አብሯት መጣ። ሄለንን በዚያ ቀን አልነገሯትም፤ እንደ ወጉ ሊነጋጋ ሲል ዘመድና ጎረቤት ተሰበሰበ፤ የቤቱ የንስሐ አባት አባ ገብረ ሕይወትም ተጠርተው መጡ። ሄለንን ከእንቅልፏ ቀስቅሰው ሳሎን አመጧት። የተሰበሰበውን ሰው አንድ በአንድ አየችና በቀጥታ ሄዳ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። እናቷ ገና አንድ ቃል ሳትናገር ሄለን ራሷ የእናቷን እጅ ያዘች።

"ልጄ፣ አባትሽ..." አለች ወይንእሸት።

የኔሰው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር። ልጅቷ ታስመስላለች፣ እኔም አብሬያት አስመስላለሁ ብሎ ሌሊቱን ሲፈራ አድሯል። የሰማው ጩኸት ግን ማስመሰል የሌለበት ነበር። ሄለን እናቷ ጉልበት ላይ ተደፍታ ስትጮኽ ቤቱ ሙሉ አብሮ ጮኸ፤ አባ ገብረ ሕይወት ሊናገሩ የጀመሩትን አቋርጠው በእጃቸው ዓይናቸውን ከለሉ።

ረፋዱ ላይ፣ ሰው ጋብ ሲል፣ ወይንእሸት ጓሮ ድረስ ተከትላው መጣች።

"ታውቅ ነበር" አለችው። "ሳልነግራት ነው እጄን የያዘችኝ። እርስዎም ያውቁ ነበር።"

"እንዳልነግርሽ ለመነችኝ።"

"ስንት ጊዜ ሆናት?"

ነገራት። ወይንእሸት የግቢውን አጥር ተደገፈች።

"እኔ እዚያ ከአገር ሰው ጋር ነው ያለቀስኩት" አለች። "አንዱ ሲደክመው ሌላው እየተቀበለኝ። እሷ እዚህ በሁለት ሰው መካከል ተቀምጣ ብቻዋን።" ከዚያ ፊቷን ወደ ማድቤቱ አዞረች። "በሏት ያልኩት እኔ ነኝ። አውቃለሁ፣ ጋሽ የኔሰው። ግን እርስዎን ማየት አልቻልኩም።"

በሦስተኛው ቀን ልጇን ይዛ ተመለሰች። መናኸሪያ ድረስ የሸኟቸው የኔሰውና አስቻለች ናቸው። ሄለን ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፤ ሰፋ ይላታል። ወደ መኪናው ልትገባ ስትል ዞር አለችና፣

"ጋሼ፣ ክረምት ልምጣ?" አለች።

የኔሰው ወይንእሸትን አየ። ወይንእሸት ሻንጣውን እያስጫነች፣ ሳትዞር፣ "እናያለን" አለች።

ክረምቱ ገባ። ሰኔ መጨረሻ ላይ መንገዱ ዳግመኛ ተዘጋ፤ ሄለን አልመጣችም። አስቻለች ግን ሐምሌ አንድ ቀን ሳሎን ጥግ ላይ ለልጅቷ አልጋ አነጠፈች፤ ትራሱን አራግፋ አስተካከለች። አልጋው እስከ ጳጉሜን ድረስ እንደተነጠፈ ከረመ።