ዶይል ከዋሻው ያልተመለሰ ዕለት

«ሂድ አልኩህ እኮ! ማን ያዘህ?» ብላ የሸኘችው ራሷ አርሊስ ናት። ኋላ አንጀቷን ያሳረራት ይኸው ነው።

ባሏ ዶይል ልቡን ተቀዶ ከሆስፒታል ከወጣ ገና ሦስት ወሩ ነበር። ሐኪሙ ደግሞ «ሜዳ ሜዳውን፣ ቀስ እያልክ፣ ብስክሌት ብትነዳ ጥሩ ነው» ብሎታል። ሐኪም ምን አለበት! ሰውዬው ይህችን አንዲት ቃል ይዞ ሚስቱን ሲጨቀጭቃት ከረመ። በመጨረሻ ሰልችቷት እሺ አለች። ተጎታች ቤታቸውን ከፒካፑ ኋላ አሰሩና ዊስኮንሲን ውስጥ፣ ኬንደን ከምትባለው ከተማ አጠገብ ወዳለው ካምፕ መጡ። እዚያ የድሮው ባቡር ሐዲድ ተነቅሎ መንገዱ የብስክሌት መንገድ ሆኗል። ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሜዳ ነው፤ ለልብ በሽተኛ የተሠራ ይመስላል።

ቅዳሜ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ ዶይል ቀይ የዝናብ ልብሱን ለብሶ ብስክሌቱን አወጣ።

«ባቡሩ ያልፍበት እስከነበረው ዋሻ ደርሼ መመለሴ ነው። ሦስት ማይል ምን አላት?»

«ብቻህን?»

«አንቺ ጉልበቴን አመመኝ ትያለሽ። ታዲያ ነርስ ልቅጠር?»

«አይ አንተ! እዚያ ብትወድቅ ማን ያነሳሃል?»

«ስትነዘንዢኝ ከምትውዪ ወድቄ ብገላገል ይሻለኛል።»

ያን ጊዜ ነው ቱግ ያለችው። «ሂድ በቃ! ሂድ አልኩህ እኮ! ማን ያዘህ?»

«አራት ሰዓት ላይ እዚህ ነኝ። እንቁላሌን ጥበሺልኝ» አለና እያፏጨ ሄደ። ሰው የሚወደውን እንዲህ ብሎ ይሸኛል? እሷም ወዲያው ጸጸታት፣ ግን ተከትላ መጥራቱን ኮራችበት።

ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ካምፑ መታጠቢያ ቤት ሄደች። እዚያ ሳለች ዝናቡ ዘነበ፤ ደግሞ እንዴት ያለ ዝናብ! ታጥባ፣ እስኪያባራ ጠብቃ ስትወጣ አራት ሰዓት አልፏል። ቤታቸው እንደተቆለፈ ነው፤ ብስክሌቱም የለም። ጃንጥላዋን ይዛ የብስክሌቱ መንገድ ወደሚጀምርበት በር ሄዳ ቆመች።

አራት ተኩል ሆነ። አምስት ሆነ። ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ ስለሌለ ስልክ ዋጋ የለውም። ግን በዚያ መንገድ ጥሩ ልማድ አለ፤ የሚመጣው ለሚሄደው ወሬ ያቀብላል። ዛፍ ወድቆ ከሆነ፣ ዋሻው ውሃ ቋጥሮ ከሆነ፣ ሳይጠየቅ ይናገራል። መጀመሪያ ከዋሻው በኩል የመጡት ጭቃ በጭቃ የሆኑ ሁለት ልጃገረዶች ነበሩ።

«ቀይ የለበሰ ሽማግሌ አላያችሁም?»

«ኧረ አላየንም እማማ። ዋሻው አፍ ላይ ተጠልለን ነበር፣ ማንም አልነበረም።»

ቀጥሎ አንድ ጢማም ሰውዬ መጣ። «እኔ ከዋሻው ማዶ፣ ከስምንት ማይል ነው የተነሳሁት። ከነዚያ ሁለት ልጆች በቀር ሰው አላጋጠመኝም» አላት።

መንገዱ አንድ ነው፤ መገንጠያ የለው፣ መታጠፊያ የለው። በግራ ድንጋይ፣ በቀኝ ቁልቁል ወንዝ። የሄደ ሰው መንገዱ ላይ ከሌለ የት ነው ያለው? ይህን ስታስብ አርሊስ እርጥቡ አግዳሚ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

የካምፑ አስተናጋጅ ኦርቪል ጡረተኛ ነው፤ በክረምቱ እዚያው በነፃ እየኖረ ካምፑን ያስተዳድራል። ነገሩን ከአርሊስ ሲሰማ ባትሪውን አነሳ። በትንሿ የኤሌክትሪክ መኪናው እየበረረ ሄደ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሲመለስ ፊቱን አይታ ገባት።

«ዋሻውን በባትሪ አበራሁት፣ የለም» አለ። «ወንዙን ግን ከላይ ሆኖ ማየት አይቻልም።»

«እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ኦርቪል። ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ዝም በይ እስቲ! ማን ሞተ አለሽ?» ብሎ ተቆጣት። የእሳት አደጋ ሰዎችን ሊጠራ የእጅ ሬዲዮውን አነሳ።

ገና አፉ ላይ ሳያደርሰው ከካምፑ ኋለኛ ረድፍ ጩኸት ተሰማ።

«ኧረ የሰው ያለህ! አልጋዬ ላይ ወንድ ተኝቷል!»

ጯሂዋ ቴልማ ናት፤ ትናንት ማታ ከአይዋ ግዛት የመጣች ወፍራም ሴት። ቤተ ክርስቲያን ባዘጋጀው የፓንኬክ ቁርስ ላይ ቆይታ መመለሷ ነው። ኦርቪል ሬዲዮውን ጥሎ ሮጠ፤ አርሊስም ተከተለችው። ጉልበቷ መኖሩንም ረስታለች።

ቴልማ በተጎታች ቤቷ በር ላይ በጃንጥላዋ ልትከላከል ተሰናድታ ቆማለች። ከቤቱ ጀርባ የዶይል ብስክሌት ተደግፏል። ቤቱ ደግሞ፣ ወይ ጉድ! ያው የእነሱ ቤት ነው፤ ነጭ፣ ቡናማ መስመር ያለው፣ መስኮቱም በሩም ቁርጥ የእነሱ።

አርሊስ ገፍታ ገባች። ቀዩ ልብስ ተሰቅሎ ይንጠባጠባል። ጫማው አልጋው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል። ዶይል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ የሰው ባለአበባ ብርድ ልብስ እስከ አገጩ ስቦ ተጋድሟል። አይንቀሳቀስም። መንካት ፈርታ ቆመች።

ከዚያ አንኮራፋ።

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በክርኗ ስትጎሽመው የኖረችበት ማንኮራፋት ነው። እንደዚያ ቀን ጣፍጧት አያውቅም።

«ዶይል! አንተ ዶይል!»

«እ? እንቁላሉ ደረሰ?»

«እንቁላል ይድፋህ! የት ነው ያለኸው?»

«ቤቴ ነዋ።» ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። «የጠፋሽው አንቺ ነሽ። ዝናቡ መንገድ ላይ ቢይዘኝ፣ ካምፑ ጋ ስደርስ በኋለኛው ረድፍ በኩል አቋርጬ ገባሁ። መነጽሬ ውሃ በውሃ ሆኗል፣ ምንም አላይም። ብመጣ የለሽም። ብርድ ልብሱን ቀይረሻል። እሷ ስትናደድ ዕቃ ትገዛለች ብዬ ተኛሁ።»

ኦርቪል የዶይልን ቁልፍ ከጠረጴዛው አንስቶ የቴልማ በር ላይ ሞከረው። ቀጭ ብሎ ዞረ።

«ይኸው! ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ዓመት የወጡ መንትያዎች ናቸው፤ ቁልፋቸውም አንድ። ዘንድሮ ይሄ ሦስተኛው ነው። ባለፈው ወር አንዷ የሰው ሳህን አጥባ ከጨረሰች በኋላ ነው የነቃችው።»

«እሱስ ጨዋ ነው» አለች ቴልማ ጃንጥላዋን አውርዳ። «ጫማውን አውልቆ ነው የተኛው። የኔው ባል ከነጭቃው ነው የሚጋደመው።»

አርሊስ ትራሱን መንጭቃ ዶይልን መታችው። ደገመችው። በሦስተኛው እጇ ዛለና ልቅሶዋ መጣ፤ ከቀዶ ሕክምናው ቀን ጀምሮ አምቃው የኖረችው ልቅሶ። ሦስት ወር ሙሉ ያቺን ደረት እንዳልነካ ብላ አልጋ ጫፍ ላይ ተኮራምታ ነው ያደረችው። አሁን ግን የሰው ቤት ነው ሳትል፣ ከነእርጥብ ልብሷ ተደፍታ ጆሮዋን ጠባሳው ላይ ለጠፈች።

ይመታል። ደህና አድርጎ ይመታል።

ኦርቪል አፉን ከፍቶ ቆሞ ቀረ። ቴልማ እጅጌውን ይዛ ጎተተችው። «ምን ትገተራለህ? ና ውጣ! አልጋው የኔ ነው፣ እኔ ፈቅጃለሁ» አለችና በሩን ዘጋችላቸው።

ዶይል እጁን ራሷ ላይ አሳረፈ።

«እዚሁ ነኝ እኮ» አላት።

እሷም አመነችው።