ሰባት ቋጠሮ

ክሩ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ እታለም ዘንድ ሲደርስ፣ የጎረሰችው ዳቦ ጉሮሮዋ ላይ ቆመ።

«ያዥው እንጂ፤ አይነክስም!» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠችው ወለተ ሚካኤል።

ያዘችው። ድርብ ሆኖ የተከረረ የጥጥ ፈትል ነው፤ ሰባት ቦታ ተቋጥሯል። የማርያም ማኅበርተኞቹ ሴቶች ቋጠሮውን የሚያዩት በሩቁ፣ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ነበር። እታለም ግን አንድ በአንድ ታውቀዋለች። የመጀመሪያው አንገት ነው። ቀጥሎ ትከሻ፣ እጅጌ፣ ወገብ፣ ደረት፣ ዳሌ፤ ሰባተኛው ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት። ሰባቱንም የቋጠረቻቸው እሷው ራሷ ናት።

ፈትሉን እንደ ፍም ለወለተ ሚካኤል ወረወረችላት።

«ከራስጌዬ ስር ነው ያገኘሁት፣ አባ» አሉ የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ጥሩሐረግ። ባላቸው ከሞቱ የፊታችን እሑድ ዓመት ይሞላል፤ ከል የተነከረው ቀሚሳቸው ከመታጠብ ብዛት አመድ መስሏል። «መደቡን ልጠርግ ቁርበቱን ባነሳ፣ ተጠቅልሎ ተኝቷል። አንዱን ጫፍ ትከሻዬ ላይ ብይዘው፣ ሌላው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ልክክ! ይኸው ጎኔን ውጋት ከያዘኝ ሳምንቴ። ተኝቶ የሚለካ ሬሳ ነው። እኔን ማን ገንዞኝ ነው የሚለካኝ?»

የነፍስ አባታቸው አባ ወልደ ሐዋርያት ክሩን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን አቀረቡት። የሰቆጣን ሴቶች ኑዛዜ ሠላሳ ዓመት የሰሙ ሰው ናቸው፤ የሚደነግጡበት ነገር ብዙም አልቀራቸውም።

«ክር ክር ነው፣ ልጄ። ውጋቱም ብርድ ይሆናል፤ የኅዳር ብርድ ቀላል አይደለም» አሉ። ከዚያ ሴቶቹን ዞር ዞር ብለው አዩ። «ቢሆንም፣ የዚህን ነገር የምታውቅ ካለች ትናገር። አትማሉብኝ፤ መናገር ብቻ ይበቃል።»

እታለም አፏን ከፈተች። መልሳ ገጠመችው።

እንዴት ብላ ትናገር? የእሷን የመርፌ ታሪክ ያልሰማ የሰቆጣ ሰው የለም። በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ከደሴ የመጣች የቤት አያያዝ አስተማሪ፣ ወይዘሪት ጸሐይነሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሴቶችን ሰብስባ ልብስ መስፋት ታስተምር ጀመር። በእኛ አገር ሴት ትፈትላለች እንጂ ልብስ አትሰፋም፤ መስፋት የወንድ፣ ያውም ገበያው ዳር የስፌት መኪና የዘረጉት የእነሸምሱ ሙያ ነው። አብዛኞቹ ሁለት ሦስት ቅዳሜ አይተው ቀሩ። እታለም ግን ነገሩ ልቧ ገባ። መጀመሪያ የሰፋችው የትራስ ልብስ ነበር፤ አራቱንም ጎን ጥንቅቅ አድርጋ ዘጋችውና ጥጡ ውጭ ቀረ። ቀጥላ ለባሏ ለደሞዝ ሸሚዝ ሰፋች። ሸሚዙ ግንባሩ ላይ ተወትፎ አልወርድም አልወጣም ሲል፣ ሁለት ጎረቤት ጎትቶ አላቀቀው። ደሞዝ የአውራጃ ጽሕፈት ቤት ተላላኪ ነው፤ አንገቱ ከሰፋለት በኋላ ለብሶት ሥራ ሄደ። ለአለቃው እጅ ሊነሳ ቢያጎነብስ ጀርባው ከላይ እስከ ታች ተተረተረ።

ከዚያ ወዲህ እታለም ስሟ ቀረና በስፌት መኪናው ስም «ሲንጀሯ» ሆነች። ውሃ ስትቀዳ፣ «ሲንጀሯ፣ አፍ የሌለው ትራስ ስፊልኝ!» ማኅበር ስትገባ፣ «ሲንጀሯ መጣች፣ ልብሳችሁን ያዙ!» ሰለቻት። «መርፌውንም መቀሱንም ለአስተማሪዋ መልሻለሁ፤ ወጥቶልኛል» ብላ አስወራች።

ውሸቷን ነበር። የመጀመሪያ ልጇን ሦስት ቀን ስታምጥ ወገቧን ደግፈው የያዟት፣ አርባ ቀን ሙሉ ገንፎ እያገነፉ ያረሷት ወይዘሮ ጥሩሐረግ ናቸው። ከላቸውን ሲያወልቁ የሚለብሱትን ነጭ ቀሚስ እኔ ነኝ የምሰፋላቸው ብላ ለራሷ ቃል ገባች። ካማረ ስሟን ያጥብላታል፤ ካላማረ ማንም ሳያየው የልጅ ጨርቅ ይሆናል። ልለካዎት ብትላቸው ወሬው ሊወጣ ነው። ስለዚህ ቀትር ላይ ሸለብ ሲያደርጋቸው ጠብቃ ለካቻቸው። ሜትር የላትም፤ ቢኖራትም ቁጥሩን አታነበውም፤ ቋጠሮ ግን ማንበብ አይፈልግም። በኋላ ሁለቱ እጅጌዎች አልስማማ ሲሏት እንደገና ልትለካ ተመልሳ ሳለች ሴትዮዋ ተገላበጡ። ደንግጣ ስትወጣ ክሩ ቁርበቱ ስር ቀረ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች ወለተ ሚካኤል ፈትሉን ከአባ እጅ ተቀብላ በጣቶቿ መሃል እያሸች። «ይህን አከራረር እኔ አውቀዋለሁ። ይሄ የእማዋይሽ ፈትል ነው!»

ሁሉም ወደ በሩ ዞረ። እማዋይሽ የጠላውን እንስራ አዝላ እንደ ገባች እዚያው ቆማለች። ከደሃና ገጠር የመጣች፣ ባል የሞተባት፣ እየፈተለች የምትኖር ሴት ናት፤ በወይዘሮ ጥሩሐረግ ግቢ ጥግ ባለችው ጎጆ ከተጠጋች ሁለት ዓመቷ ነው። አማርኛዋ ከአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ከኽምጣንጋ ጋር እየተጋፋ ስለሚወጣ ቃል አታበዛም።

«ያንቺ ነው?» አሏት ወይዘሮ ጥሩሐረግ።

«ፈትሉ የኔ ነው።»

«ቋጠሮውስ?»

እማዋይሽ እታለምን አንድ ጊዜ አየቻት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ዐይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ቋጠሮው የኔ አይደለም።»

«እና ለማን ሰጠሽው?»

«አልናገርም።»

«ለምን አትናገሪም?»

«አደራ ነው።»

አደራውን የጣለችባት እታለም ናት። ክሩን ስትቀበላት «ለመስፊያ መለኪያ ነው፤ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ፣ በማርያም!» ብላ እጇን ይዛ አስምላታለች።

«አደራ! ሰምታችኋል?» አለች አንዷ። «ሰው ለክቶ ለጠንቋይ መስጠትም አደራ ሆነ!»

«የመጣችበትን አገር ማን ያውቃል» አለች ሌላዋ፣ ድምጿን ዝቅ ሳታደርግ።

አባ ወልደ ሐዋርያት እጃቸውን አነሱ። «ተዉ! ያላያችሁትን አታውሩ። አንቺም አትቸኩዪ፣ ልጄ።»

«አልቸኮልኩም፣ አባ» አሉ ወይዘሮ ጥሩሐረግ። «ሁለት ዓመት ከእንጀራዬ አብልቻታለሁ። እማዋይሽ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከግቢዬ ውጪልኝ።»

እማዋይሽ እንስራውን ቀስ ብላ አወረደች፤ ጠብታ አልፈሰሰም። ወጣች።

እታለም ጉሮሮዋ ላይ የቆመውን ዳቦ ዋጠች። ዳቦው ወረደ፤ ቃሉ ግን አልወጣም።

ቤቷ ስትገባ ጓዳ ገብታ ከጎታው ኋላ የሸሸገችውን ቀሚስ አወጣች። እቅፏ ላይ ዘርግታ አየችው። አንዱ እጅጌ የእጅ አንጓ ይደርሳል፣ ሌላው ክንድ ላይ ደክሞት ቀርቷል። አንገቱ ሰው የጠራው ይመስል ወደ ግራ ዞሯል። ደረቱ ላይ ልትጠልፈው የሞከረችው መስቀል ዘሟል። ስፌቱማ ከሰርግ ቤት የሚመለስ ሰካራም መንገድ ነው።

«ሰማሽ?» እያለ ደሞዝ ገባ። «ያቺ ፈታይ እትዬ ጥሩሐረግን ስትለካ ተያዘች አሉ። ገበያው ሁሉ ይህንኑ ነው የሚያወራው። መተተኛ…» ቀሚሱን አየ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ቀሚስ።»

«የሰው?»

አልሳቀችም። እሱም ፊቷን አይቶ ሳቁን ቀጨው።

«መርፌውን መልሻለሁ አላልሽም?»

«አልመለስኩም። የእትዬ ጥሩሐረግ ቀሚስ ነው። የለካኋቸው እኔ ነኝ፣ ደሞዝ። ክሩ የመለኪያዬ ነው።»

ደሞዝ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «አባ ሲጠይቁ እዚያው ነበርሽ?» አላት።

«ነበርኩ።»

«ሴትዮዋን ሲያባርሯትስ?»

«ነበርኩ።»

«እና ዝም አልሽ?»

«ይስቁብኛል ብዬ» አለች። ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ጆሮዋ ሲሰማው እንዴት ቀላል እንደሆነ አወቀችው። ፊቷን በቀሚሱ ሸፈነች። «መናገር ትችል ነበር እኮ፤ የሰጠኋት ለእታለም ነው ብትል ያበቃ ነበር። አየችኝ። አንድ ጊዜ አየችኝና ዝም አለች።»

ደሞዝ ቀሚሱን ከፊቷ ላይ ገለጠው።

«እኔ ያንን ሸሚዝ ለብሼ ጽሕፈት ቤት ሄጃለሁ» አላት። «ጀርባዬ ተራቁቶ ገበያውን አቋርጬ ነው የተመለስኩት። ይኸው፣ አልሞትኩም። ተነሺ።»

ቀሚሱን አልጠቀለለችውም። ጠቅልላው ብትሄድ ጥሩ ነበር፤ ግን ክንዷ ላይ ዘርግታው ወጣች። በሸምሱ ሱቅ ደጃፍ ስታልፍ ሰውየው ከሚሰፋው ቀና ብሎ ቀሚሱን አየ፤ ሙያ የሚያውቅ ሰው ነውና ምንም ሳይል ዐይኑን መለሰ። ይህ ከስድብ ሁሉ ባሰባት።

አብዛኞቹ ማኅበርተኞች ገና አልተበተኑም፤ አባም በር አጠገብ ተቀምጠዋል። እታለም መሃል ቤት ቆመች።

«እትዬ ጥሩሐረግ፣ የለካሁዎት እኔ ነኝ። ክሩን ከእማዋይሽ የወሰድኩት እኔ ነኝ። እንዳትናገር ያስማልኳትም እኔው ነኝ። ከልዎን ሲያወልቁ እንዲለብሱት… ይኸው።»

ወይዘሮ ጥሩሐረግ ቀሚሱን ተቀብለው አገላበጡት። ተነሱና በከሉ ላይ አጠለቁት። ራሳቸው በመከራ አለፈ። አንዱ እጃቸው እጅጌው ውስጥ ጠፋ፣ ሌላው ከክርኑ ጀምሮ ውጭ ቀረ።

«አንቺ እታለም» አሉ ዝግ ብለው፣ «የለካሽው እኔን ነው ወይስ በቅሎዬን?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወለተ ሚካኤል ጉልበቷን እየመታች፣ «ሲንጀሯ! ወይ ሲንጀሯ!» ትላለች። አባ ወልደ ሐዋርያት እንኳ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ወይዘሮ ጥሩሐረግ ሳቁም አለቀሱም፤ «ሳምንት ሙሉ ሞቴን ስጠብቅ፣ ልጄ ቀሚስ ትሰፋልኛለች! ውጋቱም ለቀቀኝ መሰለኝ» እያሉ እታለምን አቅፈው ሳሟት። አንድ ዓመት እንዲህ አልሳቁም።

እታለም ያን ያህል የፈራችው ሳቅ ይኸው መጣ፤ እንደ ሐምሌ ዶፍ አረጠባትና አለፈ። ይህ ብቻ ነበር?

«በሉ እማዋይሽን ጥሯት» አሉ ወይዘሮ ጥሩሐረግ ዐይናቸውን እየጠረጉ። «ጠላ ትቅዳ። ነገሩ አልቋል በሏት።»

«እማዋይሽ! ነይ ሳቂ! ነገሩ ቀሚስ ሆኖ ተገኘ!» ብላ ወለተ ሚካኤል በበሩ ተጣራች።

መልስ አልመጣም። እታለም ወጣች። እማዋይሽ ጎጆዋን ጠርጋ፣ ቁርበቷን ጠቅልላ፣ እንዝርትና ጥጧን በሙዳይ አድርጋ፣ ጭነቷ ላይ ተቀምጣለች። ሁሉንም ሰምታለች። አልሳቀችም።

«አልቋል አሉሽ እኮ» አለች ወለተ ሚካኤል ከኋላ።

«ለእናንተ አልቋል» አለች እማዋይሽ። «ገበያው እኔን መተተኛ ብሏል። ቀሚሱን ገበያው አላየውም። አገሬ እገባለሁ።»

እታለም ቆመች። ቤት ውስጥ ሳቁ ገና አልበረደም፤ ተመልሳ ብትገባ መሃል ላይ ያስቀምጧታል፣ ዳቦ ይቆርሱላታል። ዐይኗ ግቢውን ዞረ። እግሯ ስር ጡጫ የምታህል ድንጋይ ነበረች፤ ጎንበስ ብላ አነሳቻት። ትንሽነቷ እጇን አሳፈራት። ጣለቻትና ከወፍጮው ላይ ከባዱን መጅ አንስታ ማጅራቷ ላይ ጫነች።

«እታለም! ምን ሆነሻል?» አለች ወለተ ሚካኤል ሳቋን ውጣ። «ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚለመነው ለደም ነው፤ ለፈታይ ነው እንዴ?»

እታለም እማዋይሽ ፊት ተንበረከከች።

«እትዬ እማዋይሽ» አለች፤ እትዬ ብላት አታውቅም። «እርስዎ አደራዬን ጠበቁ። እኔ ስምዎን አስረከብኩ። ስለ ማርያም ይቅር ይበሉኝ። ከዚህ ተነስቼ በገበያው መሃል እንዲሁ እንደተሸከምኩ እዞራለሁ፤ ለምን እንደሆነ ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ።»

እማዋይሽ እጇን ዘርግታ መጁን ነካችው።

«ከባድ ነው። አውርጂው» አለች። «አንቺንስ ይቅር ብያለሁ።»

ይህን ስትል የምታየው እታለምን አልነበረም፤ በሩን ነው። ወይዘሮ ጥሩሐረግ ነጩን በጥቁሩ ላይ እንደ ደረቡ ደፉ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው ሳቁ ቆሟል። አንድ ጊዜ ወደ አባ ዞር አሉ፤ አባ ምንም አላሏቸውም። ቀስ ብለው ወደ ግቢው ወረዱ፤ የሚያመውን ጎናቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ አጥሩ ስር ጎንበስ ብለው ድንጋይ ይፈልጉ ጀመር።

«ኧረ ይተዉ፣ እትዬ» ማለት የታናሽ ወግ ነው። ሴቶቹ ሁሉ እንድትለው እታለምን ጠበቋት።

አላለችም።