ሹፌር ውሃ አይጠጣም

ባሌ ዋቅጅራ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ሲነዳ ጠዋት አንድ ብርጭቆ ሻይ ይጠጣል፤ ከዚያ እስኪመሽ ጠብታ ውሃ አይቀምስም። ሹፌር ውሃ አይጠጣም ይላል፤ ከጠጣ መቆም አለ፣ ከቆመ ተራው ያልፋል። በዚህ ነገር ኩራቱ አይጣል ነው። ጡረታ ከወጣም በኋላ አልተወውም።

አምና የሽንት ፊኛ ካንሰር ተገኘበት። እጢውን በኦፕራሲዮን አወጡለትና በሳምንት አንድ ቀን፣ ለስድስት ሳምንት፣ ፊኛው ውስጥ በቀጭን ቱቦ መድኃኒት እንዲገባለት ታዘዘ። መድኃኒቱን ሁለት ሰዓት ይዞ ቆይቶ ይሸናዋል። ከዚያ በኋላ ውሃ በደንብ እንዲጠጣ፣ ሽንቱንም እንዳይቋጥር፣ እንዲህ ካደረገ መድኃኒቱ የሚያመጣው ማቃጠል እንደሚቀልለት ነርሷ ሲስተር ሰላማዊት ደጋግማ መከረችው። እሺ አለ። እሺ ማለት መች ቸግሮት ያውቃል!

ቤታችን የካ አባዶ ነው። ከሆስፒታል እዚያ ድረስ ሁለት ታክሲ ነው፣ መንገዱ ሲዘጋጋ ደግሞ አያድርስ። አብሬህ ልሂድ ስለው ሕፃን አይደለሁም ብሎ ይቆጣል። ሞልቼ የማስይዘው ሁለት ኮዳ ባዶውን ሲመለስ እኔ ሞኟ ደስ ይለኛል።

ከአራተኛው ሳምንት መድኃኒት በኋላ ሽንቱ እንደ በርበሬ ያቃጥለው ጀመር፣ ትኩሳትም ያዘው። ይዤው ሄድኩ። ኢንፌክሽን ነው፣ እስኪድን አምስተኛው አይሰጥም ተባልን፤ እየተቋረጠ ከሄደ ሕክምናው የታሰበውን ያህል ላይጠቅም ይችላል አለን ሐኪሙ። ምን ያህል ውሃ ይጠጣል ብሎ ሲጠይቅ፣ ሁለት ኮዳ ሙሉ ብዬ እኔ መለስኩለት። ዋቅጅራ መሬት መሬቱን አየ።

ውጭ ስንወጣ አወጣው። ለካ መገናኛ ሲደርስ ውሃውን ዛፍ ሥር ይደፋዋል!

«ታክሲ ውስጥ ቢያመልጠኝስ፣ አስቴር? በዚህ ዕድሜዬ?»

ደሜ ፈላ። ካንሰሩ ቢምርህ እኔ አልምርህም አልኩት፣ እዚያው መንገድ ላይ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። በሽታውን ለቤተ ክርስቲያን ሰው እንኳ አልነገረም ነበር፤ ያንን ሁሉ ብቻውን ነው የተሸከመው።

ዐሥር ቀን ለኢንፌክሽኑ የታዘዘለትን ኪኒን ዋጠ። ውሃውን ጆግ ሞልቼ ፊቱ አስቀምጬ ተቀመጥኩ፤ ጆጉ ሳይጎድል አልነሳም። ሾርባ ሠራሁለት፣ ሐብሐብ ቆረጥኩለት። ሽንቱ እየጠራ ሲሄድ ከሽንት ቤት እየወጣ እንደ ኳስ ውጤት ይነግረኝ ጀመር።

አምስተኛው ተሰጠው። ሲመለስ አብሬው ነበርኩ። አንዱን ኮዳ መገናኛ ጨረሰው፣ ዓይኔ እያየ። አያትን እንዳለፍን እጄን ጭምቅ አደረገው፤ ግንባሩ በላብ ርሷል። እኔ ልናገርለት ስል ቀደመኝ።

«ወንድሜ፣ ዳር ያዝልኝ» አለው ሹፌሩን፣ ሁሉም እየሰማ። «የፊኛ ካንሰር እየታከምኩ ነው። ውሃ ጠጥቻለሁ።»

ሹፌሩ ዳር ያዘ። ዋቅጅራ ወርዶ ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ ሄደ። አንድም ሰው አላጉረመረመም።

ቀና ብሎ ተመለሰና ተቀመጠ። እጁን ሲዘረጋልኝ ሁለተኛውን ኮዳ ሰጠሁት። ከፍቶ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየው፣ ጠጣ።

አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴት፣ ሳትጠይቀኝ፣ «ባሌ ነው» አልኳት።